ጨዋታ በስደተኛ ሰፈር፦ የመፋዛና የገዳሪፍ ሕፃናት ታሪክ

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። ሕፃናት ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፤ አዋቂዎች ቡና አፍልተው ወግ ሲይዙም ጨዋታ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ «ኧረ ተጫወት!» ይባላል፤ በልብህ ያለውን አውጣ፣ ከሰው ጋር ሁን ማለት ነው። ልቅሶ ቤትም ሐዘንተኛውን የሚያጫውት ሰው አይጠፋም። ብቻውን የተተወ ሐዘንተኛ እንደሚጎዳ፣ ሰው ከቦ ሲያጫውተው ግን ሐዘኑ ቀለል እንደሚልለት ማኅበረሰቡ ሐኪም ሳይነግረው ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ግን ወደ ሕፃናት ሲመጣ የሚዘነጋ ይመስላል። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ይባላል፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚልም አለ። የልጅ ጨዋታ ከቁም ነገር የማይቆጠር፣ ሥራ ሲኖር የሚቋረጥ፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀር ነገር ተደርጎ ይታያል። ሕፃን ልጅ እንደ አዋቂ ቡና ላይ ተቀምጦ «እንዲህና እንዲህ ደረሰብኝ» ማለት አይችልም። የእርሱ ወግ ሩጫው፣ ድብብቆሹና የዕቃ ዕቃ ጨዋታው ነው። ይህን ልብ ለማለት በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ታሪክ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከራሀድ ወንዝ አካባቢ

የራሀድ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካሉት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሣል። ክረምት ሲገባ ሞልቶ፣ በጋ ሲሆን ደርቆ፣ የገዳሪፍን ጥቁር ዋልካ አፈር አቋርጦ ወደ ዓባይ ይገባል። የመፋዛ ምድር በዚህ ወንዝ አካባቢ ይገኛል። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ በአጨዳ ወራት ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ የቀን ሠራተኛ ይጎርፍበታል። በመተማና በገላባት በኩል ነጋዴውም፣ እረኛውም፣ ስደተኛውም ሲመላለስበት የኖረ አገር ነው።

ስደቱ በብዛት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ከኤርትራ ቆላማ ስፍራዎች ሸሽተው በመጡ ሰዎች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእነዚሁ ሰዎች በገዳሪፍ ምድር ቃላ አን ነሐል ላይ የእርሻ ሰፈራ ተቋቋመላቸው። ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይም ቀይ ሽብር በተፋፋመበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ከጎንደርና ከሌሎችም ክፍለ ሀገሮች ወጣቱ፣ ተማሪው፣ መምህሩና ገበሬው ድንበሩን ተሻገረ። ኡም ራኩባ፣ ተዋዋ፣ ሐዋታ፣ አቡ ረኸምና መፋዛ የስደተኛ መንደሮች ስም ሆነው በየቤቱ ታወቁ። ገዳሪፍ ተወልደው፣ አማርኛን ከወላጆቻቸው፣ ዐረብኛን ከጎረቤት የተማሩ ልጆች ያደጉትም በእነዚህ መንደሮች ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲበረታ ከትግራይ ብቻ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በእግሩ ሱዳን ገባ። ወድ ኮውሊንና ወድ ሸሪፌን የመሰሉ ሰፈሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዐቅማቸው በላይ ሞሉ። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ተባብረው በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ፈጁ። በዚያው ዘመን በኡም ራኩባ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ልጆቻቸውን በብዛት ቀብረዋል፤ በመንገድና በሰፈሮቹ ያለቁት በጠቅላላው ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል።

በእነዚያ ዓመታት ርዳታ ማለት በቁጥር የሚለካ ነገር ነበር። ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ውኃ፣ ስንት ግራም እህል፣ ስንት የኩፍኝ ክትባት ይደርሰዋል ተብሎ ይሰላል። ሕፃን በክንዱ ውፍረት ይለካል፤ ከመስመሩ በታች ከሆነ ወተት ይሰጠዋል፤ ከዳነ ከመዝገቡ ይወጣል። ሞት በየዕለቱ በሚቆጠርበት ስፍራ ከዚህ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበረምና ሠራተኞቹን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ክንዱ ወፍሮ ከመዝገቡ የወጣው ልጅ፣ እናቱን መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌሊት እየጮኸ የሚነሣው፣ መናገር ያቆመው፣ የአልጋ ሽንት የተመለሰበት፣ ትንሽ ድምፅ ሲሰማ የሚሸሸገው ልጅ በየትኛው መዝገብ ይጻፍ? ለእርሱ የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረም።

ልጆች ግን ማንም ሳይፈቅድላቸው ይጫወታሉ። ዋልካውን አቡክተው ላምና በሬ ይሠራሉ፤ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሞልተው ኳስ ያደርጋሉ። ሱዳናዊው ልጅም በዚያው መንገድ ኳሱን ከካልሲ ስለሚሠራ፣ ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘት ይችላሉ።

ዕውቀቱ ከየት መጣ?

በጨዋታ አማካይነት የሕፃናትን የመንፈስ ጉዳት ማከም በአውሮፓና በአሜሪካ የተጀመረው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው። አና ፍሮይድና ሜላኒ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ አዋቂው በቃል የሚናገረውን ልጅ በአሻንጉሊትና በሥዕል እንደሚገልጸው ተመልክተው ጨዋታን ወደ ሕክምናው ክፍል አስገቡ። በኒው ዮርክ ደግሞ ሳሙኤል ስላቭሰን እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ልጆችን በትንንሽ ቡድን እየሰበሰበ፣ እንጨትና ቀለም እያቀረበ፣ እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ሥራና ጨዋታ እንዲፈወሱ ሞከረ። ቨርጂኒያ አክስላይን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመችው መጽሐፍ መንገዱን የሚመርጠው ልጁ ራሱ እንደሆነ፣ አዋቂው ግን ተከታይና ታማኝ ተመልካች መሆን እንደሚገባው አስተማረች።

ቡድን ራሱ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል በጉልህ ያሳየው ግን ከናዚዎች እስር ቤት የተረፉ የስድስት ሕፃናት ታሪክ ነው። ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ገደማ የነበረው እነዚህ ወላጅ አልባ ልጆች ከቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1945 ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን እ.ኤ.አ. በ1951 እንደጻፉት፣ ልጆቹ አዋቂን ይማቱና ይነክሱ፣ አሻንጉሊቱንም ይሰብሩ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን ፈጽሞ አይለያዩም፤ አንዱ ሳይበላ ሌላው ለራሱ አይሻማም። አዋቂ ሁሉ በተለያቸው ጊዜ አንዱ ለሌላው ቤተሰብ ሆኖት ነበርና። አሳዳጊዎቹ ይህን ቡድን ሳይበትኑ ቀስ በቀስ የልጆቹን እምነት አገኙ።

ለገዳሪፍ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ከኤርትራ በረሃ የተገኘ ነው። በሳሕል በነበረው የሶሎሙና የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አሜሪካዊው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ፒተር ወልፍ ከኤርትራውያን ባልደረቦቹ ጋር፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 74 የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች በአቅራቢያው ባለ የስደተኛ ሰፈር ከቤተሰቦቻቸው ጋር ከሚኖሩ 74 ልጆች ጋር አነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት ሁለት ገጽ ነበረው። የማሳደጊያው ልጆች በቋንቋና በማስተዋል ፈተና የበለጡ ሲሆኑ፣ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ግን በእነርሱ ላይ በዝቶ ታየ። ትምህርቱና እንክብካቤው አእምሮአቸውን ቢያጎለብተውም የቤተሰብን ቦታ አልተካም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ሁለት የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያዎችን እርስ በርሳቸው አነጻጸረ። በአንደኛው ዳይሬክተሩ ብቻውን ይወስናል፤ ቀኑ በደንብና በሰዓት የታሰረ ነው፤ ልጅና ሠራተኛ ከሥራ በቀር ሌላ ግንኙነት የላቸውም። በሌላኛው ሠራተኛው ሁሉ ስለ ልጆቹ ይመክራል፤ ልጆቹም ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር እየተቀራረቡ ራሳቸውን እንዲችሉ ይበረታታሉ። የጭንቀት ምልክት አንሶ የተገኘው በዚህኛው ውስጥ ባደጉት ነው። ሁለቱም ቤቶች ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳድጉ ነበር፤ የለያቸው የሰው ለሰው ግንኙነታቸው ነው።

ከመብት ወደ ድንኳን

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን የእያንዳንዱ ሕፃን መብት አደረገ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀበሉት። ድንበሩን የሚሻገር ሕፃን ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ወገን ይህ መብት በወረቀት ላይ ተጽፎለት ይጠብቀዋል ማለት ነው።

መብቱ ድንኳን ለማግኘት ግን አሥር ዓመት ያህል ጠብቋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኮሶቮ ተባርረው አልባኒያ ለገቡ ቤተሰቦች «ለሕፃናት ተስማሚ ስፍራ» የተባለው አሠራር በዩኒሴፍ አማካይነት ተጀመረ። የታጠረና ጥላ ያለው ቦታ፣ ኳስና ቀለም፣ የታወቀ ሰዓት፣ የታመነ አዋቂ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የርዳታ ድርጅቶች በጋራ ያወጡት የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያ ይህንኑ አጠናከረ። የደረሰበትን ሁሉ እንዲናገር አንድን ሰው አንድ ጊዜ አስቀምጦ መመርመር እንደማይጠቅም አስጠንቅቆ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጸጥታ፣ ቤተሰብና የተለመደ የዕለት ኑሮ ይመለስ አለ።

በዚህ መንገድ የተደራጀ የቡድን ጨዋታ ከተራ ጨዋታ የሚለየው በጥቂት ነገር ነው። ዕድሜያቸው የተቀራረበ ጥቂት ልጆች በሳምንት በተወሰነ ቀን፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ስፍራ፣ በዚያው አጫዋች ፊት ይገናኛሉ። ክብ ሠርተው በአንድ ሰላምታ ይጀምራሉ፤ በመሐል ይሮጣሉ፣ ይሥላሉ፣ ተረት ይሰማሉ፣ ወይም በአሻንጉሊት ትንሽ ቲያትር ይሠራሉ፤ በመጨረሻም እንደገና ክብ ሠርተው በአንድ ስንብት ይለያያሉ። ነገ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ለተሳነው ልጅ ጅማሬውና ፍጻሜው የታወቀ አንድ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። «ምን አየህ?» ብሎ የሚያስጨንቀው የለም፤ ራሱ ከተናገረ ግን የሚሰማው አለ። ልጁ ሌሎችም እንደ እርሱ እንደሚፈሩ በማየት ብቻ «እኔ ብቻ ነኝ» ከሚል ሸክም ይገላገላል። እየባሰበት የሚሄደው ደግሞ ተለይቶ ወደ ሐኪም ይላካል።

መሣሪያውም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ድብብቆሽን ብንወስድ፣ ተደባቂው ሳይዘጋጅ «አልነጋም» ይላል፤ ሲዘጋጅ ይነጋል፤ ፈላጊውም ያገኘዋል። ጫካ ውስጥ የምር ተደብቆ ያደረ ልጅ መገኘት ሞት ሊሆን እንደሚችል ተምሯል። በጨዋታው ውስጥ ግን የሚነጋው እርሱ ሲፈቅድ ነው፤ ሲገኝም የሚጠብቀው ሣቅ ነው። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ደግሞ የፈረሰ ቤት እንደገና ይሠራል፤ የጠፋች እናት ትመለሳለች። እንቆቅልሽና ተረት የአያትን ድምፅ ይመልሳሉ። የሱዳን ልጆች ጨረቃ ስትወጣ ነጭ አጥንት ወርውረው የሚፈላለጉበት «ሸሊል» የተባለው ጨዋታም ከዚህ ወገን ነው፤ የጠፋው ነገር በጋራ ተፈልጎ ይገኛል።

ቱናይድባ

በትግራይ ጦርነቱ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሱዳን ገባ። የ1977ቱን ዘመን ያየችው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተች። እርሷ ስትሞላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በመፋዛ አስተዳደር ውስጥ ቱናይድባ የተባለ አዲስ ሰፈር ተቋቋመ። በዚያው ክረምት ደግሞ ከጭልጋና ከመተማ አካባቢ የሸሹ ቅማንቶች ገዳሪፍ ገብተው ባብክሪ ላይ ሰፈሩ። በአርባ ዓመት ውስጥ ያ ሜዳ ለሁለተኛ ጊዜ በሕፃናት ተሞላ። ብዙዎቹ አባታቸውን ወይም እናታቸውን ወዲያ ማዶ ትተው የመጡ፣ አንዳንዶቹም ብቻቸውን የተሻገሩ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ ግን ከእህሉና ከክትባቱ ጎን ለሕፃናት የተለየ ስፍራ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲሰጡ፣ ሌሎች ድርጅቶች የጨዋታ ድንኳኖችን ተከሉ። ከ1977ቱ ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ የልጁ ጭንቀት በመጨረሻ የሚጻፍበት ዓምድ አግኝቷል።

መሰናክሉ ግን ብዙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምቱ ሲቃረብ የነፈሰው ዐውሎ ነፋስ በቱናይድባ ብዙ መጠለያ አፈረሰ፤ ዝናቡ ሲጀምር ዋልካው መንገዱን ዘጋ። ሰሊጥ ሲደርስ አቅም ያለው ልጅ ወደ አጨዳ ይሄዳል፤ የአንድ ቀን ገቢ ከአንድ ሰዓት ጨዋታ ይበልጣልና ቤተሰቡን መውቀስ ያስቸግራል። ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ታናሾቿን ስትጠብቅ ሰዓቱ ያልፋታል። በመሆኑም ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ልጅ ከክቡ ብዙ ጊዜ የምትቀረው እርሷ ናት። ወላጅም «እኛ በረሃብ፣ እነርሱ በጨዋታ?» ቢል አይፈረድበትም። ጨዋታ እህልን አይተካም፤ የጠፋ አባትን አያመጣም፤ ያልተረጋጋ ሰፈርን ሰላም አያደርግም።

ጥናቱም ልክን ያስተምራል። በኡጋንዳ ርዋምዋንጃ በሰፈሩ የኮንጎ ስደተኛ ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ምርምር፣ የጨዋታ ስፍራዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደጠቀሙ፣ በተለይም አሠራራቸው የተሻለው ይበልጥ እንደረዱ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዘግይተው ሲመለሱ ግን በተካፈሉትና ባልተካፈሉት ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጨዋታ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ለጥቂት ወራት ተተክሎ የሚነቀል ድንኳን የልጅን ዕድሜ ሙሉ ሊሸከም አይችልም፤ ክቡ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሰፈሩና ወደ ቤቱ ካልገባ ይበተናል።

ድንኳኑ ሲታጠፍ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ ተቀባዩ አገር ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። በመጀመሪያ ከካርቱም፣ ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. ከወድ መደኒ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከስንጃና ከደንደር የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ዩኒሴፍ በዚህ ዘመን በሱዳን የሚረዳቸው የሕፃናት መማሪያና መጫወቻ ስፍራዎች «መካንና» ይባላሉ፤ «ቦታችን» ማለት ነው። ብዙ ሱዳናውያንም በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ተሻግረው ኩመር ላይ ሰፈሩ። የቀድሞው መንገድ ተገለበጠ፤ ኢትዮጵያዊው ልጅ በሸሸበት ጎዳና ሱዳናዊው ልጅ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የርዳታ ገንዘብ ክፉኛ ሲቀንስ፣ በየትም አገር በቅድሚያ ከሚታጠፉት ሥራዎች አንዱ ይኸው የሕፃናት የሥነ ልቦና ድጋፍ ሆነ። ጨዋታ ዛሬም መጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው።

እንግዲህ ካለፉት ዘመናት የሚቀረው ቁም ነገር ምንድን ነው? ከቴሬዚየንሽታት የወጡትን ስድስቱን ልጆች ያተረፋቸው አለመለያየታቸው ነው። የኤርትራ ወላጅ አልባ ልጆች በተሻለ መንፈስ ያደጉት አሳዳጊ በቀረባቸውና በሰማቸው ቤት ነው። ሁለቱም የተገኙት በውድ መሣሪያ አይደለም። የማይለዋወጥ አዋቂ፣ የታወቀ ሰዓት፣ የማይበተን የልጆች ክብ፣ መንገዱን እንዲመርጥ የተፈቀደለት ልጅ፣ እነዚህ አራቱ ከድንኳኑ ጋር አብረው መታጠፍ የለባቸውም።

የገዳሪፍና የመፋዛ ነባር ነዋሪ ለዚህ ሩቅ አይደለም። በስደተኛ መንደር ተወልደው ዛሬ እናትና አባት፣ መምህርና ነጋዴ የሆኑ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ከ1983 ዓ.ም. በፊት የወጡ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት ከለላ ሲያበቃ አንዳንዱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አንዳንዱም እዚያው ነዋሪ ሆኖ ቀረ። የካልሲ ኳስ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ሸሊል በጨረቃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ድብብቆሽ እንዴት እንደሚነጋ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ያውቁታል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢን ከፍቶ የጎረቤትን ልጅና የተፈናቃዩን ልጅ በአንድ ክብ ማቀመጥ፣ ውኃ የምትቀዳዋን ልጅ ባልዲ ለአንድ ሰዓት መቀበል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ቀን እዚያው መገኘት በጀት አይጠይቅም።

ልቅሶ ቤት ሄዶ ሐዘንተኛን ማጫወት ወግ እንደሆነ ሁሉ፣ ልጅንም ማጫወት ወግ ሊሆን ይገባል። እርሱም ሐዘንተኛ ሊሆን ይችላልና።